ጅራቱን ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ጸሐፊዎቹ የዱር ወፍ በቅርበት አንስተዋል፤ ክሮፕ ለማድረግ (የፎቶውን ዳር ቆርጠው ለማውጣት) ሲቀመጡ ግን የት ጋ እንደሚቆርጡ ግራ ገብቷቸዋል። ፎቶ አያይዘው የላኩም አሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። «ምነው የኔን ቆረጥከው?» የሚል ካለ፣ የዚህ ዕትም ጉዳይ ራሱ መቁረጥ ነውና ይቅር ይበለኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥቁርና ነጭ የሆነውን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ውኃ ዳር ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁትና በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ አነሳሁት። ፍሬሙ መሃል ላይ ትንሽ ሆኖ ስለወጣ ፊቱ እንዲጎላ ብዬ ደረቱ ላይ ቆረጥኩት። ጓደኞቼ «ወፉን ምን አደረገሽ?» ብለው ሳቁብኝ። ዋናውንም የቆረጥኩትንም ልኬልዎታለሁ። የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት? *የተሳቀባት ነኝ*

መልስ፦ ጓደኞችሽ እውነት አላቸው። ግን ከመሳቅ ምክንያቱን ቢነግሩሽ ይሻል ነበር።

ከመልካሙ ልጀምር። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጥቷል። እዚህ ወፍ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዓይኑ ጥቁር ነው፤ ዓይኑን አልፎ የሚሄደው ሰፊ መስመርም ጥቁር ነው። ብርሃን በትክክል ካላገኘው ጭራሽ ዓይን ያለው አይመስልም። ያንቺው ላይ ከላይ በኩል የመርፌ ጫፍ የምታህል የብርሃን ነጥብ አለች። እሷ ባትኖር «ሌላ ፎቶ ምረጪ» ብዬሽ አልፍ ነበር።

ወደ ቁርጡ እንምጣ። የዚህ ወፍ ወንዱ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር ቀበቶ አለው፤ የላይኛው ሰፊ፣ የታችኛው ቀጭን። ሴቷ ያላት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ መሃል ላይ የተቋረጠ ነው። ዋናው ፎቶሽ ላይ ሁለቱም ቀበቶዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አንቺ የቆረጥሽው በሁለቱ መካከል ነው። ወንዱን ወፍ በአንድ ክሮፕ ሴት አደረግሽው ማለት ነው! ወፍ የሚያውቅ ሰው ቢያየው «ይቺ ሴት ናት» ብሎ ይከራከርሻል።

ሌላው ጣጣ መንቁሩ ነው። ረዥም ነው፣ ሹል ነው፣ ወደ ግራ ያመለክታል። የተመልካች ዓይን ያንን ተከትሎ መሄዱ አይቀርም። አንቺ ግን የመንቁሩን ጫፍ ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር ልታጋጪው ምንም አልቀረሽ፤ ከጭንቅላቱ ኋላ ደግሞ ምንም የማይሠራ ባዶ ቦታ ትተሻል። ቦታውን ከኋላ አንስተሽ ከፊት ብታደርጊው ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር።

ወፍ ተቆርጦ ሲያይ ተመልካች በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሆን ተብሎ ነው ወይስ ሳይታወቅ? የጅራቱ ጫፍ ለጥቂት ከጎደለ ሳይታወቅ የተቆረጠ ይመስላል። የእግሩ ጣት ግማሹ ከሌለም እንደዚያው። ጅራቱም እግሩም ጨርሶ ከሌሉ ግን የፊት ፎቶ መሆኑ ያስታውቃል፤ ማንም «ጅራቱ የት ሄደ?» አይልም። ስለዚህ ወይ ሙሉውን አስገቢ፣ ወይ ደፍረሽ ቁረጪ። ለጥቂት መቁረጥ ነው ነገር የሚያበላሸው።

ያንቺን ፎቶ እኔ ሁለት ዓይነት አድርጌ ቆረጥኩት። አንደኛው ሙሉ ወፍ ነው፤ 4 ለ5 የሆነ የቁም ክሮፕ። ቅርንጫፉ የሚገባው ከታች በቀኝ በኩል ነው። ልክ ማዕዘኑ ላይ ቢገባ የተመልካችን ዓይን ይዞት ይወጣል፤ ስለዚህ ከማዕዘኑ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲገባ አደረግኩት። ከመንቁሩ ፊት የተውኩት ቦታ ከጀርባው ኋላ ካለው እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው አግድም ነው። ከታችኛው ቀበቶ ዝቅ ብዬ፣ ከእግሩ ከፍ ብዬ፣ ነጩ ሆዱ ላይ ቆረጥኩት። ሁለቱም ቀበቶ አለ፤ ወንድነቱ ተመለሰለት። ምረጥ ካልሽኝ ይሄኛውን ነው የምመርጠው። የጭንቅላቱ ላባ ተንጨባሮ የቆመበት ቦታ በደንብ የሚታየው እዚህኛው ላይ ነው።

ክሮፕ የማያወጣው አንድ ነገር ግን አለ። ከኋላ ያለችው የሸምበቆ አገዳ ልክ ከአናቱ የበቀለች ትመስላለች። የቱንም ያህል ብትቆርጪ አብራው ትመጣለች። እሷን የሚያወጣት ወደ ጎን አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ያውም ቁልፉን ከመጫንሽ በፊት። ቆመሽ ያነሳሽውም ይመስለኛል፤ ፎቶው ከላይ ወደ ታች ነው የሚያየው። ቁጭ ብትዪ ወይም ብትተኚ ከኋላው ያለው ውኃ ራቅ ብሎ ብዥ ይልልሻል፤ ወፉም ዓይን ለዓይን ያይሻል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው። ስንት እጅ ድረስ መቁረጥ ይፈቀድልኛል? ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የጀመርኩት ነገር ስለሆነ ሒሳቡን ቀለል አድርገው ቢያስረዱኝ። *ሒሳብ የማይሆንልኝ*

መልስ፦ የሚከለክልዎት የለም፤ የሚወስነው ፎቶውን የሚያዩበት ቦታ ነው።

24 ሜጋፒክስል ማለት ብዙውን ጊዜ ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000 ፒክስል ነው። ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ቢቆርጡ 3000 በ2000 ይቀራል። ግማሹ የቀረ ይመስላል፤ የቀረው ግን ሩቡ ነው፤ 6 ሜጋፒክስል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ለስልክ ስክሪን ይሄም ይተርፋል፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወርዱ 1080 ፒክስል የሆነ ፎቶ በቂ ነው። ማሳተም ከፈለጉ ግን በተለመደው የ300 ፒክስል በኢንች ጥራት 25 በ17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣልዎታል። ሙሉ የኤፎር ወረቀት በዚሁ ጥራት 3508 በ2480 ይፈልጋል። ትንሽ ይጎድልዎታል ማለት ነው፤ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከርቀት ለሚታይ ፎቶ ያን ያህል አይጨነቁ።

ከፒክስሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሲቆርጡ ጥፋቱም አብሮ ይተልቃል። እጅዎ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ሙሉው ፎቶ ላይ አይታይም፤ ሩቡን ሲያጎሉት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ሲል የሚመጣው ጥራጥሬ መሰል ነጠብጣብም እንደዚያው። እኩለ ቀን ላይ ከጋለ መሬት የሚነሳው የአየር መርገብገብ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ላባውን ያሟሟዋል፤ በኤዲቲንግ የሚመለስ ነገርም አይደለም። ማልደው ይውጡ።

ካሜራ ሊቀይሩ ካሰቡ አንድ ነገር ላክል። ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ፣ ኤፒኤስሲ የሚባለው ዓይነት 24 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ ሴንሰሩ ትልቅ ከሆነው፣ ፉል ፍሬም ከሚባለው 24 ሜጋፒክስል ይልቅ ወፉ ላይ ብዙ ፒክስል ያሳርፋል። ሌንሱም ቦታውም አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከእጥፍ ይበልጣል። በደብዛዛ ብርሃን ትልቁ ሴንሰር የተሻለ ነው። ለቀን ወፍ ግን ውዱን ካሜራ ለመግዛት አይጣደፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በጣም ተጠግቼ አነሳሁ። የመንቁሩ ጫፍ ጥርት ብሏል፣ ዓይኑ ግን ብዥ ብሏል። ክሮፕ አድርጌ ላድነው እችላለሁ? *ተጠግቶ የተጎዳ*

መልስ፦ አትችልም ወንድሜ። ዓይኑ ብዥ ካለ ጥርት ያለው መንቁር አያድነውም።

ምክንያቱ ርቀቱ ነው። በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 6.3 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው)፣ 5 ሜትር ላይ ስታነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳን አይሞላም። ወፉ ፊቱን ወደ አንተ ካዞረ ከመንቁሩ ጫፍ እስከ ዓይኑ ያለው ርቀት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። መንቁሩ ከተያዘ ዓይኑ አመለጠ ማለት ነው።

የሚገርመው መፍትሔው መራቅ ነው። 10 ሜትር ላይ ሆነህ ብታነሳ ውፍረቱ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ወፉ የቅድሙን ያህል እንዲጎላ ክሮፕ ስታደርግ ብዥታውም አብሮ ስለሚጎላ ወደ 5 ይወርዳል። ቢሆንም የመጀመሪያውን እጥፍ አገኘህ። የምትከፍለው ፒክስል ነው፤ ያንን ደግሞ ከላይ ላሉት አባት የጻፍኩትን አንብብ። መራቅ ካልሆነልህ ወፉ ጎኑን እስኪሰጥህ ጠብቅ። ያኔ መንቁሩም ዓይኑም ካንተ እኩል ርቀት ላይ ናቸው። ጎኑን ሰጥቶህ ጭንቅላቱን ትንሽ ብቻ ወዳንተ ያዘነበለ ጊዜ ቁልፉን አትልቀቅ፤ ደራርበህ አንሳ። ወፍ ከሚታየው የዓይን ቆብ ሌላ ከጥግ ወጥታ ዓይኑን የምትጠርግ ስስ ሽፋን አለችው። ልክ እሷ ስታልፍ ካነሳኸው ዓይኑ ወተት ይመስላል። ከተደራረቡት መሃል አንዱ ይተርፍልሃል።

ጥያቄ፦ ፍሬሙን በሦስት ከፍለሽ ወፉን መስመሩ ላይ አስቀምጪ ሲሉ እሰማለሁ። ጉጉት ፊት ለፊት አንስቼ ወደ ጎን ባደርጋት አላምር አለችኝ። ሕጉን ልጣስ? *የጉጉት ወዳጅ*

መልስ፦ ጣሺው። ያ ሕግ የሚሠራው ወፉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያይ ነው፤ የሚያይበት በኩል ቦታ ይፈልጋል። ጉጉት ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ወደ ፊት ናቸው፤ ዓይኗን በጉድጓዱ ውስጥ ማዞርም አትችልም፤ ለማየት ጭንቅላቷን ነው የምታዞረው። ቀጥ ብላ ስታይሽ ፊቷ ግራና ቀኙ እኩል ነው። መሃል አድርጊያት። እንዲያውም ካሬ አድርገሽ ቁረጪው። ግን መሃል ካደረግሻት በትክክል መሃል ትሁን፤ ትንሽ ፈቀቅ ካለች ስህተት ትመስላለች።

ጥያቄ፦ ፍላሚንጎ አንስቼ ነበር። ሙሉውን ላስገባ ስል ሁለት ቀጭን እግርና ብዙ ባዶ ቦታ ሆነብኝ። እግሩን ስቆርጥ ደግሞ ፍላሚንጎ አልመስል አለ። ምን ይሻለኛል? *በእግር የተቸገረ*

መልስ፦ ብቻህን አይደለህም። ጆን ጄምስ ኦዱቦን የአሜሪካን ወፎች ሥዕል እ.ኤ.አ. ከ1827 እስከ 1838 ሲያሳትም ወፎቹን ሁሉ በትክክለኛ መጠናቸው ካልሳልኩ ብሎ ነበር። በዘመኑ ካሉት ትልልቅ ወረቀቶች አንዱን ተጠቀመ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። ፍላሚንጎው ግን በዚያም አልገባ አለው። ምን አደረገ? አንገቱን ቆልምሞ ወደ መሬት አጎነበሰው። ሥዕሉን ስታየው ወፉ ለመብላት ያጎነበሰ ይመስላል እንጂ ወረቀት ያጠረው አይመስልም።

አንተም ጠብቅና ሲያጎነብስ አንሳው። ፍላሚንጎ መንቁሩን ገልብጦ ውኃ ውስጥ እያጠለለ ስለሚበላ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ታች ነው። አንገትና እግር ሲገናኙ ባዶ የነበረው ቦታ ይሞላል። ያነሳኸው ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነና እግሩ ካስቸገረህ ከጉልበቱ መሃል አትቁረጥ። (በነገራችን ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ጉልበት የሚመስለው ነገር ቁርጭምጭሚቱ ነው፤ እውነተኛው ጉልበት ላባው ውስጥ ተደብቋል።) ወይ እግሩን ከነውኃ ነጸብራቁ ሙሉውን ተወው፣ ወይ አንገቱንና ጭንቅላቱን ብቻ ያዝ። የ«ኤስ» ቅርጽ የሠራ አንገት ብቻውን ፎቶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ክሮፕ ካደረግኩ በኋላ ፎቶው ሲያንስብኝ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አሳድገዋለሁ። በጣም ያምራል! ችግር አለው? *ዘመናዊው*

መልስ፦ ለራስህ ከሆነ የለውም። ግን እያሳደገ ያለው ያንተን ወፍ እንዳይመስልህ። ፕሮግራሙ ያላየውን የላባ ዝርዝር ገምቶ ነው የሚሥለው። አንዳንዴ ያምርለታል፤ አንዳንዴ የላባ ቦታ ላይ ፀጉር ያበቅላል። ዓይኑ ዙሪያ ያለውን ቆዳ አጉልተህ እየው፤ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚያ ጋ ነው። ውድድር ልትገባበት ካሰብክ ግን ደንቡን ቀድመህ አንብብ። ለንደን ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘጋጀውን ዓመታዊ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር የመሳሰሉት ለመጨረሻ ዙር የደረሰን ሰው ዋናውን የራው ፋይል (ካሜራው ራሱ የመዘገበውን፣ ያልተነካካውን) አምጣ ይሉታል። ያኔ በግምት የተሣለው ላባ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ጎጆ አገኘሁ፤ ጫጩቶቹ ውስጥ ናቸው። ሌንሴ አጭር ነው። ክሮፕ ከማደርግና ጥራቱ ከሚወርድ ብጠጋ አይሻልም? *አጭር ሌንስ*

መልስ፦ አይሻልም፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም። እናትየዋ ፈርታ ከራቀች ጫጩቶቹ ይበርዳቸዋል ወይም ፀሐይ ይመታቸዋል፤ አዳኝም ያያቸዋል። ለፎቶ እንዲመችህ ከፊት ያለውን ቅጠል ብታነሳ ደግሞ መደበቂያቸውን ገፈፍክ። ምግብ በአፏ ይዛ አልገባ ካለች ወይም እየደጋገመች ከጮኸች አንተ እስክትሄድ ነው የምትጠብቀው፤ ቶሎ ሂድላት።

ለራስህም አስብ። ኤሪክ ሆስኪንግ የተባለው እንግሊዛዊ የወፍ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1937 በጎጆዋ አካባቢ ጉጉት መትታው አንድ ዓይኑን አጥቷል። ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ወፍ ማንሳቱን አልተወም፤ ጉጉቶችንም ጭምር። ያንተ ግን አንድ ዓይን ለመክፈል የሚያበቃ ፎቶ አይመስለኝም። ጎጆውን ተወውና እናትየዋ ምግብ ስትለቅም ከሩቅ አንሳት፤ ዙሪያዋ ያለው ሣርና ቅጠል ፍሬሙ ውስጥ ይቅር። ትንሽ ወፍ በሰፊ ቦታ ውስጥም ያምራል። ሁሉም ፎቶ ክሮፕ መደረግ የለበትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ ድረሱልኝ! ጄፔጉን ክሮፕ አድርጌ በዚያው ስም ሴቭ አደረግኩት። አሁን ሳየው ክንፉ ተቆርጧል። ዋናው የለም። ካርዱ ላይ የነበረውንም ትናንት አጥፍቼዋለሁ። *ያለቀላት*

መልስ፦ ገና አላለቀልሽም። ከካርድ ላይ የጠፋ ፎቶ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው ያለው፤ ፋይል የሚያስመልሱ ፕሮግራሞች ያወጡታል። ግን በዚያ ካርድ አንድም ፎቶ አታንሺ። ፎርማትም አታድርጊው። የተመለሰውን ፋይል ካርዱ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተርሽ ላይ አስቀምጪ። ለወደፊቱ እንደ ላይትሩም ባለ፣ ዋናውን ፋይል ሳይነካ የክሮፑን ልክ ብቻ በሚመዘግብ ፕሮግራም ሥሪ። ለጊዜው ግን ደብዳቤውን አንብበሽ ሳትጨርሺ ካርዱን ከካሜራው አውጪው።